ገንዘቡ ቢያልቅ አንበሳው ምን ይበላል?

ጌም ሲባል የአብዛኛው ወላጅ ጆሮ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው የተኩስ ድምፅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ የኳሱ ጨዋታ፣ የውርርዱ ጭቅጭቅ፣ ደብተሩን በሹራብ ጠቅልሎ ከትምህርት ቤት የሚፎርፈው ልጅ ይመጣል። ወላጅ አይፈረድበትም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ግንባሩን አኮማትሮ፣ «ለቀጭኔዎቹ ዛፍ ጎድሏቸዋል፤ ሌላ ጠባቂ ልቅጠር ወይስ ሽንት ቤት ላሠራ?» እያለ ለብቻው ሲያወራ ብትሰሙት ምን ትላላችሁ? «ልጁ ለየለት!» እንዳትሉ። ልጁ መካነ አራዊት እያስተዳደረ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለነዚህ ጨዋታዎች ነው። መግደል የለባቸውም፤ ደም የለባቸውም። ታናሽ እህት፣ ታላቅ ወንድም፣ እናትም ጭምር አንድ ወንበር ላይ ተጠባብቀው ሊጫወቷቸው ይችላሉ። ታዲያ «ለልጅ ብቻ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁ፣ በቅርቡ ትዳር የያዛችሁ፣ ታናናሾቻችሁን የምታሳድጉ፣ የወር ደሞዛችሁ በሃያኛው ቀን የሚሰናበታችሁ ሁሉ ከዚህ ጨዋታ የምታገኙት ነገር አለ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ?

ከሁሉም ስሙ የገነነው «ዙ ታይኩን» ይባላል። ታይኩን ማለት በእኛ አባባል ከበርቴ እንደማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብሉ ፋንግ የተባለ ድርጅት ሠርቶት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ለገበያ አቀረበው። በዚያን ጊዜ የአስተዳደር ጨዋታዎች ገና ሞቅ እያሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ማክሲስ የተባለው ኩባንያ «ሲም ሳፋሪ»ን አውጥቷል። በ1999 ደግሞ ክሪስ ሶየር የተባለ ስኮትላንዳዊ የመዝናኛ ፓርክ የሚያስተዳድሩበትን «ሮለርኮስተር ታይኩን» ሠርቶ ዓለምን አዳርሷል። ዙ ታይኩን ያንን የፓርክ ሐሳብ ወስዶ በባቡሩ ምትክ አንበሳ አስገባበት ብንል አያስኬድም?

በ2002 ዳይኖሰሮችና የባሕር እንስሳት ተጨመሩበት። በኅዳር 2004 ሁለተኛው ዙ ታይኩን ወጣ። ይኼኛው ከላይ ሆኖ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ራሱ ግቢው ውስጥ በእግሩ እየገባ እንስሶቹን እንዲያበላና እንዲያጸዳ ይፈቅዳል። ብሉ ፋንግ በ2011 ተዘጋ። ስሙ ግን አልሞተም። በ2013 ፍሮንቲየር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ለኤክስቦክስ ሌላ ዙ ታይኩን ሠራ። ይኸው ድርጅት በኅዳር 2019 «ፕላኔት ዙ» የተባለውን ትልቁን ጨዋታ አወጣ። በ2024 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 5ና ለአዲሱ ኤክስቦክስ አዘጋጀው።

አጨዋወቱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ባዶ መሬትና ጥቂት ገንዘብ ይሰጣችኋል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አጥር ታጥራላችሁ፤ መሬቱን ትቀባላችሁ። የበረሃ አሸዋ ነው? የቆላ ሣር ነው? በረዶ ነው? ዛፍ ትተክላላችሁ፣ ድንጋይ ታስቀምጣላችሁ፣ ኩሬ ትቆፍራላችሁ። ከዚያ እንስሳውን ትገዛላችሁ። እንስሳው ቤቱን ከወደደው አረንጓዴ ፈገግታ ያሳያችኋል። ካልወደደው ቀይ ኩርፊያ ነው!

በር ሲከፈት ጎብኚ ይገባል። ጎብኚ ደግሞ ሰው ነው፤ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ እግሩን ይደክመዋል። አግዳሚ ወንበር ካላስቀመጣችሁ ያጉረመርማል። ቆሻሻ መጣያ ከሌለ መሬት ላይ ይጥላል። እንስሳቱን የሚያበላና እበታቸውን የሚጠርግ ጠባቂ መቅጠር አለባችሁ። አጥር የሚጠግን ሠራተኛም መቅጠር አለባችሁ፤ አጥር ያረጃል፣ ያረጀ አጥር ይወድቃል፣ አጥር ሲወድቅ የሚሆነውን መገመት ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ደሞዝ ይበላሉ።

እኔ በግሌ የምጫወተው ሁልጊዜ ከትንሽ ተነሥቼ ነው። ሁለት የሜዳ አህያ፣ ሁለት ቀጭኔ፣ አንድ ጠባቂ፣ አንድ የለስላሳ መሸጫ። ገቢና ወጪው ከተመጣጠነ በኋላ ነው ወደ አንበሳ የማልፈው። ፓንዳ ብዙ ሰው ይስባል፤ ግን አመሏ የከፋ ሙሽራ ነች! ቀርከሃው አነሰ፣ ድንጋዩ በዛ፣ ሰው ቀረበኝ እያለች ታኮርፋለች። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ይኸው ነው። አንበሳና የሜዳ አህያን አንድ ግቢ ያስገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለአራት ዓመት ሕፃንም መንገር አያስፈልግም።

«ይሄ ደግሞ የኔ ጌም ነው»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በኮንዶሚኒየማችን አንዲት የ26 ዓመት ወጣት አለች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች። እናቷ ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ላይ ናቸው፤ አባት በሕይወት የሉም። የ13 ዓመት ወንድሟንና የ8 ዓመት እህቷን የምታሳድገው እሷ ነች። እናት የሚልኩት ብርና የእሷ ደሞዝ ተደምሮ ቤቱ ይቆማል።

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ነዋ! እናቱ ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ነው። ጫማ፣ ጃኬት፣ ከጓደኞቹ ሁሉ የሚበልጥ ስልክ። እናት ደግሞ በልጅ አይጨክኑም፤ «እሺ የኔ ጌታ» ነው መልሳቸው። ቀጥሎ ያለውን ሥቃይ የምታየው ታላቅየዋ ብቻ ነች። ብትከለክለው «አንቺ ምን አገባሽ፣ የላከችው እማዬ ናት» ይላታል። ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ዐረብ አገር እናት፣ እህት ወይም ሚስት ያለው ሁሉ ይኼን ጭቅጭቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቷ ያረጁ ኮምፒውተሮችን ለሠራተኛ ሲሸጥ አንዱን ገዛች። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የአክስቷ ልጅ በልጅነቱ የሚጫወትበትን የመጀመሪያውን ዙ ታይኩን ሲዲ አምጥቶ ሰጣቸው። ኮምፒውተሩ ለዛሬ ጨዋታ አይሆንም፤ ለዚያ ግን ከበቂ በላይ ነው። ልጁም ከሰፈሩ ጌም ቤት ቀርቶ እቤት ይቀመጥ ጀመር። ትንሿም ከአጠገቡ አትጠፋም።

ልጁ እንዴት እንደጀመረ ገምቱ። አንበሳ ገዛ፤ ዝሆን ገዛ፤ ነብር ገዛ፤ ከሁሉም የሚያምረውን አጥር አሳጠረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገንዘቡ ወደ ታች ወረደ። ቀጥሎ ያለውን ራሷ በቡና ሰዓት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ፦

«‹እታለም፣ የሚበላን ደሞዝ ነው። ጠባቂዎቹን ላባርራቸው› አለኝ። ‹መካነ አራዊቱ ያንተ ነው፣ እንደፈለግክ› አልኩት። አባረራቸው። ሂሳቡ ለትንሽ ጊዜ ቀና አለለት። ደስ ብሎት ሊሞት! ብዙም ሳይቆይ ግን እንስሳቱ ሁሉ ቀይ በቀይ ሆኑ። የሚያበላቸው የለማ! እበቱ ተከመረ። ጎብኚው አፍንጫውን ይዞ መውጣት ጀመረ። ትንሿ ‹አንበሳው ራበው! አንበሳው ሊሞት ነው!› ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።»

በማግስቱ ልጁ ከትምህርት ቤት አንድ ምሥጢር ይዞ መጣ። ይኼ የመጀመሪያው ዙ ታይኩን አንድ ተንኮል አለው። የሺፍት ቁልፍንና 4 ቁጥርን አንድ ላይ ስትጫኑ ከሰማይ 10,000 ዶላር ይወርድላችኋል። ግን የሠሩት ሰዎች ቅጣቱንም አብረው አስቀምጠዋል፤ ገንዘቡ በወረደ ቁጥር ከአጥሮቻችሁ አንዳንዱ ይሰነጠቃል። ልጁ ይኼን አልሰማም ነበር። ተጫነ፣ ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ። ባለጸጋ ሆነ! አጥር ጠጋኝ ግን ትናንት አባሯል። ትንሽ ቆይቶ አንበሳው መንገድ ላይ፣ ነብሩ ለስላሳ መሸጫው አጠገብ፣ ጎብኚው እግሬ አውጪኝ!

በዚያን ምሽት ልጁ አኩርፎ ተቀምጦ ሳለ፣ እህቱ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አውጥታ ከማውዙ አጠገብ አስቀመጠችለት። «ይሄ ደግሞ የኔ ጌም ነው» አለችው።

ደብተሩ የቤቱ ሂሳብ ነው። ገቢ፦ ከእማዬ፣ ከደሞዝ። ወጪ፦ የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ መብራት፣ የሁለት ልጅ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ዕቁብ፣ እድር። ልጁ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ አንዱ ገጽ ላይ ቆመ። «የማታ ትምህርት» የሚል መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ የተጻፈው የእሱ ጫማ ነው።

«ይሄን ለምን ሰረዝሽው?»

«ጠባቂውን አባርሬ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ሌሊት መልአክ ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። የስልኩን ነገር ለሁለት ሳምንት አላነሳም፤ በሦስተኛው ሳምንት አነሳው። ግን አነጋገሩ ተለውጧል። «ከየትኛው መስመር ላይ ይቀነሳል?» ብሎ ነው የጠየቀው። እስካሁንም አልተገዛለትም። እሷም ወደ ማታ ትምህርቷ ገና አልተመለሰችም። መስመሩ ግን ደብተሩ ላይ እንደገና ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእሱ ነው።

እንግዲህ ጨዋታው ምን አደረገ? ልጁን አልመከረም፣ አልተቆጣም። «ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም» የሚለውን ስብከት ልጁ ከእህቱ አፍ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ያልሰማው ነገር ቢኖር፣ የሚቆረጥ ወጪ ሁሉ የሚርበው አካል እንዳለው ነው። ይኼን በዓይኑ አየ። ለትዳር ጓደኛሞችም እንዲሁ ነው። «ወጪ እንቀንስ» ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ «ከማን ላይ?» የሚለው ነው። በየቤቱ ዝም ብሎ የሚቀነስበት ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜም ዝም የሚለው እሱ ነው።

አንበሳው ምን ይፈልጋል?

ከገንዘቡ ሌላ፣ ጨዋታዎቹ የሚያስተምሩት ሁለተኛ ነገር ራስን በሌላው ቦታ ማስቀመጥን ነው። «ለእኔ ያምረኛል» ብለህ በረዶ ላይ አንበሳ ብታሰፍር ቀይ ፊት ነው። ቁም ነገሩ አንተ የምትወደው ሳይሆን እሱ የሚፈልገው ነው። (ይኼን ለፍቅረኞችም አስተላልፉልኝ!)

እውነተኞቹ መካነ አራዊቶችም እዚህ ነጥብ ላይ የደረሱት ዘግይተው ነው። ለረጅም ጊዜ እንስሳ የሚታየው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነበር። ካርል ሃገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ አጠገብ በከፈተው ግቢ ፍርግርጉን አንሥቶ በጎብኚውና በአውሬው መካከል ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ፤ እንስሳው ሜዳ ላይ ያለ መሰለ። ሌሎቹ ከእሱ በኋላ ነው የተከተሉት።

ፕላኔት ዙ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ጎብኚ የበዛበት እንስሳ ይጨነቃል፤ መሸሸጊያ ይፈልጋል። መጫወቻ ከሌለው ይሰለቻል። እንስሳቱ በደንብ ካልተያዙ ሰልፈኞች መፈክር ይዘው ይመጡባችኋል። ከሁሉም የሚገርመው የዘር ጉዳይ ነው። ወንድምና እህትን ካዳቀላችሁ የሚወለደው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ የእንስሳቱን የትውልድ ሐረግ መከታተል፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር መለዋወጥ፣ የተረፈውንም ወደ ዱር መልቀቅ ይቻላል። ወደ ዱር ስትለቁ የምታገኙት ብር ሳይሆን የጥበቃ ነጥብ ነው፤ በነጥቡ ሌላ እንስሳ ታመጣላችሁ።

«ይኼ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ አስታውሱት። ግቢው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። አንበሶቹ ጋማቸው ጠቆር ያለና እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርድ ነበር። በ2012 ተመራማሪዎች ከግቢው 15 አንበሶች የወሰዱትን ናሙና መርምረው፣ ዘራቸው ካነጻጸሯቸው ከሌሎቹ አንበሶች የተለየ ሆኖ እንዳገኙት አሳተሙ። ዘሩ እንዲጠበቅም አሳሰቡ። ይኼ የሚያኮራ ዜና ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ2006 የውጭ ዜና ወኪሎች ከዚያው ግቢ የዘገቡት የሚያሳዝን ነበር፤ ቦታና ገንዘብ በማነሱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ ዘር፣ በሌላ በኩል የማይበቃ በጀት። በጨዋታው ላይ ቀዩ ቁጥር ሲመጣ እንደገና መጀመር ይቻላል። በሕይወት ላይ «እንደገና ጀምር» የሚል ቁልፍ የለም።

በደንብ የተያዘ እንደሆነ ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዐረብ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የዐረብ ኦሪክስ የተባለው ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር የሾለ የበረሃ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፋ። ዘሩ ግን በመካነ አራዊትና በግል ግቢዎች ተረፈ። ከዚያ የተራቡት በ1982 ኦማን በረሃ ላይ ተለቀቁ። ፕላኔት ዙ ውስጥ «ወደ ዱር ልቀቅ» የሚለው ቁልፍ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ሁሉም ማር አይደለም

ማር ባለበት ንብ አይጠፋም። አንደኛው ንብ ሰዓት ነው። እነዚህ ጨዋታዎች መጨረሻ የላቸውም። «ይቺን አጥር ልጨርስና» ሲባል ሌሊቱ ይጋመሳል። እነሱ አይደክሙም፤ ዓይን ግን ይደክማል።

ሁለተኛው ኪስ ነው። አዳዲሶቹ ጨዋታዎች አንዴ ተገዝተው አያልቁም፤ ተጨማሪ እንስሳት ለየብቻ ይሸጣሉ። በስልክ የሚጫወቱት ብዙዎቹ ደግሞ «ነፃ ነው» ብለው ይገቡና፣ ልጁ አንዴ ጣቱን ሲያሳርፍ የአባትን ሂሳብ ይነካሉ። «በነፃ አውርዱ» ከሚሉ ስውር ቦታዎች የሚመጣ ቅጂም ከአንበሳው ጋር ቫይረስ ይዞ ነው የሚገባው።

ሦስተኛው፣ ሁሉም የእንስሳት ጨዋታ አንድ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ በ2021 የወጣው «ሌትስ ቢልድ ኤ ዙ» ሥዕሉ የሕፃን ይመስላል፤ ግን ሁለት እንስሳትን አዳቅሎ ግማሽ ዳክዬ ግማሽ ጉማሬ ዓይነት ፍጡር ያሠራል። ከሕገ ወጥ ነጋዴ እንስሳ ግዛ፣ አትግዛ የሚል ፈተናም ያመጣል። መጥፎ ነው አላልኩም፤ እንዲያውም ለውይይት ጥሩ ነው። ግን የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን ሳይሆን ከትልቅ ሰው ጋር ቢያየው ይሻላል።

አራተኛውና ዋናው፣ ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ይዋሻል። እውነተኛ እንስሳ ራሱ ላይ ቀይ ፊት አይበራለትም። እንዲያውም የዱር እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ የደከመ መስሎ ከታየ ይበላላ! ሰውም እንዲሁ ነው። ታላቅ እህት ማታ ትምህርቷን ስታቋርጥ ከራሷ በላይ ቀይ ምልክት አልበራም። ስለዚህ ልጆችን «ፊቱ አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ነው» ከማለት ይልቅ፣ ቀርቦ መጠየቅን አስተምሯቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ የምለው እንዲህ ነው።

1. በአሮጌ ኮምፒውተር ጀምሩ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ዙ ታይኩን ዘመናዊ መሣሪያ አይጠይቁም። ፕላኔት ዙ ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ለእሱ ብላችሁ ዕዳ አትግቡ።

2. ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ሂሳብ ያዥ፣ አንዱ የእንስሳት ኃላፊ፣ አንዱ የጎብኚዎች ተቀባይ ይሁን። ሂሳቡን ከሁሉም አብዝቶ ለሚያባክነው ልጅ ስጡት። ሥልጣን ሲሰጠው ይቆጥባል።

3. ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን። «በቃ!» የሚለው ቃል ጨዋታው መሀል ላይ ሲመጣ ጠብ ነው። አስቀድሞ «እስከ አንድ ሰዓት» ከተባለ ግን ስምምነት ነው። ያስቀመጣችሁት ጨዋታ ነገም ይጠብቃችኋል።

4. የገንዘብ ቁልፉን አትከልክሉ። አንዴ ይሞክረው። አጥሩ ሲሰነጠቅ ማብራሪያውን ራሱ ጨዋታው ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ግን «ያለ ቁልፉ ስንት ወር ትቆያለህ?» ብላችሁ ተፎካከሩ።

5. ከጨዋታው ቀጥሎ ደብተሩን ክፈቱ። የ10 ዓመት ልጅ ሁሉንም የቤት ጭንቀት እንዲሸከም አይደለም። ግን መብራት ስንት እንደሚከፈል፣ ጤፍ ስንት እንደገባ ቢያውቅ አይጎዳውም። ቤቱ የእሱም ነው።

6. እውነተኛውን እንስሳ አሳዩዋቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ሆለታ አካባቢ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው «እንስሳ ኮቴ» የተባለ ግቢ ከሕገ ወጥ ንግድና ከክፉ አያያዝ የዳኑ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ተቀብሎ ሲንከባከብ ኖሯል። ስለዚህ ግቢ ንገሯቸው። በአቅም ማነስ ሩቅ መሄድ ካልተቻለ የሰፈር ወፍም እንስሳ ነው። ጠዋት ተነሥቶ አንዲት ወፍ ለግማሽ ሰዓት ማየትን የሚያህል ትምህርት የለም፤ ክፍያውም ነፃ ነው።

7. ልጁን ብቻ አትዩ። እናንተም ተጫወቱ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ አንድ መካነ አራዊት ክፈቱ። አንዳችሁ አንበሳ ለመግዛት ስትቸኩሉ ሌላችሁ ሽንት ቤት ሲያስቀድም ታያላችሁ። ስለ ትዳር ጓደኛችሁ የገንዘብ አመል፣ ከጭቅጭቅ በፊት፣ በሳቅ መማር የሚቻልበት መንገድ ይኼ ነው።

የአባቶቻችን ተረት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። በዘመናችን አንበሳ ማሰር ቀርቶ አንበሳ ማኖር ነው ችግሩ። እሱም ቢሆን ድሩ ካላበረ አይሆንም። አንዱ ሲያጥር፣ አንዱ ሲያበላ፣ አንዱ ሂሳብ ሲይዝ ነው ግቢው የሚቆመው። የቤታችሁን አጥር ማን እየጠገነ እንደሆነ፣ ማን ሳይበላ እያበላ እንደሆነ ዛሬ ማታ ዞር ብላችሁ እዩ። ካያችሁትም ዝም አትበሉ፤ «አይዞሽ፣ አይዞህ» በሉት።

ቸር እንሰንብት!